ከአባይ በረሃ የወጡ ዛጎሎች፦ በአንድ መምህር በረንዳ ላይ የተካሄደ የቅሪተ አካል ማጽዳት ሥራ

ጉዳዩ የጀመረው በአንድ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ በሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ በበጋው የተፋሰስ ሥራ ወቅት፣ ገበሬው ለእርከን የሚሆን ድንጋይ ይለቅማል። ከሚለቀመው ድንጋይ መካከል ዛጎል የተጣበቀበት ነበር። አንዳንዱ ዛጎል እንዲያውም ከድንጋዩ ተላቆ አፈር ላይ ብቻውን ወድቋል። አንድ አዛውንት ገበሬ ዓይን የሚስበውን እየመረጡ ከረጢት ውስጥ ከተቱና በልጅ ልጃቸው በኩል ለትምህርት ቤቱ የባዮሎጂ መምህር ላኩት።

መምህሩ ወዳጄ ነው። ቅሪተ አካልን ከድንጋይ ውስጥ እየፈለቀቁ ማጽዳት ለዓመታት የሠራሁት ሥራ መሆኑን ስለሚያውቅ ደወለልኝ። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «እንዴት አድርጌ ላጽዳቸው?» በወላጆች ቀን በመስታወት ሳጥን ውስጥ ደርድሮ ሊያሳያቸው አስቧል። እንዲያብረቀርቁለት ይፈልጋል።

ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው እንዲህ ያለ ከረጢት ሌላም ቤት ሊኖር ስለሚችል ነው። ሰው በቅን ልቡ፣ ሆምጣጤና የሽቦ ብሩሽ ይዞ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የቆየን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጠፋል። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ጭቃ የያዘ ነገር ግን ከየት እንደመጣ የሚታወቅ ዛጎል፣ ከሚያብረቀርቅና አገሩ ከማይታወቅ ዛጎል እጅግ ይበልጣል። ደጀን ላይ የወሰንነው ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ማጽዳቱ ሳይጀመር

መምህሩን መጀመሪያ የጠየቅኩት ዛጎሎቹ ምን እንደሚመስሉ አልነበረም። ከየት እንደተነሡ ነው። እሱ ደግሞ ይህን አያውቅም። ስለዚህ አብረን ወደ አዛውንቱ ዘንድ ሄድን።

«አባባ፣ እነዚህን ድንጋዮች ከየት ነው ያነሷቸው?»

«ከገደሉ ሥር ነዋ። ከአመድማው አፈር። ከላይ ያለው ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ መዶሻም አይበግረው። ከሱ በታች ያለው ግን ዝናብ ሲመታው ይፈርሳል። ዛጎሉ የሚወርደው ከዚያ ነው።»

አዛውንቱ ዛጎሎቹን የጥፋት ውኃ ትቷቸው የሄደ ናቸው ብለው ያምናሉ። ንብርብሩን ግን ለይተው ያውቁታል። ቦታው ድረስ ወስደውን፣ ዛጎሉ የሚወርድበትን አመድማ ንጣፍ በዱላቸው ጫፍ ነካ አድርገው አሳዩን። ከየትኛው ድንጋይ የትኛው ዛጎል እንደተነሣም እያስታወሱ ነገሩን። መምህሩ በስልኩ ፎቶ አነሣ፤ የቦታውን ልክ በጂፒኤስ መዘገበ፤ አዛውንቱ ያሉትንም እንዳለ ጻፈ። ከጠቅላላው ሥራ ውስጥ ትልቁ ዋጋ ያለው ይህ ገጽ ነው። ዛጎል ቢሰበር ሌላ ሊገኝ ይችላል። የተነሣበት ቦታ ከተረሳ ግን መልሶ የሚያገኘው የለም።

ቦታው ለምን ይህን ያህል ያስጨንቀናል? አባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የተሻገረ ሰው መልሱን በመኪና መስኮት አይቶታል። ከአፋፉ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ አለ፤ ከዚያ የጭቃ ድንጋይ። ቀጥሎ 400 ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ይህን ጂኦሎጂስቶች የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ይሉታል፤ ስሙን ያገኘው ትግራይ ውስጥ ካለችው አንታሎ ነው። ከእሱም በታች ጄሶ ያለበት ንብርብር፣ ከዚያም ሌላ የአሸዋ ድንጋይ እየተከተለ እስከ ወንዙ ይወርዳል። የኖራው ድንጋይ የተነጠፈው በጁራሲክ ዘመን፣ ይህ አገር በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት ጊዜ ነው። ደጀን ላይ ለሲሚንቶ የሚፈጨው ድንጋይም ከዚሁ ወገን ነው። አንድ ዛጎል ከዚህ ሁሉ ንብርብር ውስጥ ከየትኛው እንደወጣ ሲታወቅ ዕድሜውን፣ የኖረበትን ባሕር ጥልቀት፣ አብረውት የኖሩትን ይናገራል። ካልታወቀ ግን የሚያምር ጠጠር ብቻ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መሄድ ነበር። ይህን መዝለል አይቻልም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይውል ሳያድር እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስም እንዳለ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። ዛጎል ነው፣ ተራ ነገር ነው ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ጽሕፈት ቤቱ ከረጢቱን በዝርዝር መዘገበ። ላላ ያሉት ዛጎሎች በትምህርት ቤቱ እጅ ለትምህርት እንዲያገለግሉና በላያቸው ያለው አፈር እንዲነሣ ፈቀደ። ከዚያ ያለፈ ነገር ከመደረጉ በፊት ግን እንዲጠየቅ ተስማማን። ተቆፍሮ የሚወጣ ነገር ደግሞ ከነአካቴው አይታሰብም፤ ለዚያ ፈቃድ ያስፈልጋል። እኛ የነካነው ቀድሞ የተነሣውን ብቻ ነው።

ሎሚው

ከረጢቱን በረንዳው ላይ ዘርግፈን ስናይ አንዱ ዛጎል ከሌሎቹ ተለይቶ ነጭና ለስላሳ ነበር። መምህሩ እየደበቀ አልነበረም። ወደ እኔ ከመደወሉ በፊት በሎሚ ሞክሮታል። ክፍል ውስጥ የኖራ ድንጋይ በአሲድ እንደሚፈላ ለተማሪዎቹ ያሳያል፤ ዛጎሉም ላይ ሎሚ ሲጨምቅበት አረፋው ፍሽሽ ብሎ ጭቃውን ይዞ ሲነሣ ደስ አለው።

ከጎኑ ያልተነካ አንድ ዛጎል አስቀምጠን ሁለቱን በአጉሊ መነጽር አየናቸው። ያልተነካው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄዱ ስለታም ጎድኖች አሉ። በጎድኖቹ ላይ ደግሞ ተሻግረው የሚያልፉ እጅግ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። እነዚህ የዕድገት መስመሮች ናቸው፤ እንስሳው ዛጎሉን እያሰፋ የሄደበት ምልክት። ሎሚ የነካው ላይ ቀጫጭኖቹ መስመሮች በሙሉ የሉም። ጎድኖቹም ጫፋቸው ደንዟል።

ምክንያቱ ቀላል ኬሚስትሪ ነው። ዛጎሉም፣ የያዘው ድንጋይም፣ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። አሲድ አንዱን ከአንዱ አይለይም። የሚፈላው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አረፋ በታየ ቁጥር ከዛጎሉ የሆነ ነገር እየሄደ ነው። የወጥ ቤት ሆምጣጤ 5 በመቶ ገደማ አሲድ ብቻ ቢኖረውም ለዚህ ይበቃል። በአሲድ የሚሠሩ ቤተ ሙከራዎች አሉ፤ እውነት ነው። እነሱ ግን የሚሠሩት ቅሪተ አካሉ ከድንጋዩ የተለየ ነገር ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ወደ ሲሊካ የተለወጠ ዛጎል ወይም ፎስፌት የሆነ አጥንት በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲገኝ። ያም ተመጥኖ፣ በየሰዓቱ እየታየ፣ የተጋለጠው ሁሉ እየተሸፈነ የሚሠራ ሥራ ነው። በቤት ውስጥ በአባይ በረሃ ዛጎል ላይ አሲድ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ሎሚ፣ ሆምጣጤ፣ የባትሪ ውኃ፣ የሽንት ቤት ማጽጃ፣ አንዱም።

በረኪናም ያው ነው። ያነጣል፣ ግን ጨው ጥሎ ይቀራል። ጨው ድንጋዩ ውስጥ ሲደርቅ እያደገ ከውስጥ ይገፋል፤ ከወራት በኋላ ላዩ እየተቀረፈ ይወርዳል።

ላላ ያሉት

ከረጢቱ ውስጥ በብዛት የነበሩት የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህሉ፣ ጎድናማ፣ ሁለት ክዳን ያላቸው ዛጎሎች ናቸው። ሰው ሲያያቸው የባሕር ቅርፊት ይላቸዋል። ትክክለኛ ስማቸው ብራኪዮፖድ ነው። መለያው እንዲህ ነው፦ ክዳኑን ፊት ለፊት ያዙትና በመካከሉ መስመር ያስምሩ፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ሁለቱ ክዳኖች ግን እርስ በርስ እኩል አይደሉም፤ አንዱ ይበልጣል፣ ጫፉም ላይ ምንቃር አለው። ሶማሊሪንኪያ የሚባለው ወገን በአንታሎ ኖራ ድንጋይ ውስጥ የታወቀ ነው። የአንዱን ዛጎል ስም ለይቶ መስጠት የባለሙያ ሥራ ሲሆን፣ ባለሙያው የሚያየው ደግሞ እነዚያኑ ጎድኖች፣ የምንቃሩን አካባቢና ክዳኖቹ የሚገጥሙበትን ዚግዛግ መስመር ነው። ማለትም በሎሚና በሽቦ ቀድሞ የሚጠፋውን።

እነዚህ ላይ የተጣበቀው የገበሬው አመድማ አፈር ነው፤ ሸክላና ኖራ የተቀላቀለበት። እንዲህ ያለው አፈር ውኃ ይፈራል፤ ዛጎሉ ግን አይፈራም። ቢሆንም ሁሉንም አንድ ላይ ውኃ ውስጥ አልነከርንም። መጀመሪያ ከሁሉ የተሰባበረውን፣ ቢጠፋ የማይቆጨንን አንዱን መርጠን አንድ ጥግ አርጥበን ጠበቅን። አልተላጠም፣ አልተሰነጠቀም። ከዚያ ነው ወደ ሌሎቹ የሄድነው።

መንገዱ ይህ ነበር። ዛጎሎቹን ጥላ ላይ ዘርግተን በደንብ እንዲደርቁ ተውናቸው። ፀሐይ ላይ አይደለም፤ ድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቃል። በደንብ የደረቀ ሸክላማ አፈር ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃው ወደ ውስጡ በኃይል ይሳባል፣ አየሩን ያስወጣል፣ አፈሩም ራሱን በራሱ ይፈታል። እርጥብ የነበረ አፈር እንዲህ አይፈታም። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ገና እርጥብ ሳለ ይነክርና አልለቅ ሲለው ወደ ቢላዋ ይሄዳል። እኛ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነክረን፣ አፈሩ ሲፈታ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በጎድኖቹ አቅጣጫ እየጎተትን አጠብናቸው። እልኸኛ ሆኖ የቀረውን አድርቀን ደግመን ነከርን። መድረቅና መነከር ሲደጋገም ከማንኛውም መሣሪያ የተሻለ ይሠራል። የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በተለይ ላንሣ። የታጠበውን ጭቃ አልደፋንም። መምህሩ ከእናቱ አሮጌ ወንፊት ተበድሮ ጭቃውን በእሱ ላይ አሳለፈ፤ የቀረው አሸዋማ ዝቃጭ ደርቆ በወረቀት ተጠቀለለ። እንዲህ ባለው ዝቃጭ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የባሕር ነፍሳት ቅርፊቶች ሊኖሩ ይችላሉ። የድንጋዩን ዕድሜ ለማወቅ አንዳንድ ጊዜ ከትልቁ ዛጎል ይልቅ እነሱ ይጠቅማሉ። በዓይኔ ካየሁት ጥፋት ሁሉ ብዙው የተፈጸመው በልጅ ችኮላ ወይም በመዶሻ አይደለም። ከበረንዳ ላይ በተደፋ ውኃ ነው።

ወስፌና ቀርከሃ

የቡጢ ያህል የሆነ፣ ግማሹ በድንጋይ የተያዘ የባሕር ጃርት ነበር፤ እሾሃማና ድቡልቡል የባሕር እንስሳ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ካለው ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ከመካከሉ ወደ ዳር አምስት ጥንድ የነጥብ መስመሮች ይወርዳሉ፤ በመስመሮቹ መካከል እሾሆቹ የተተከሉባቸው ትናንሽ ጉብታዎች አሉ። እሾሆቹ እራሳቸው ወድቀዋል። መምህሩ ሙሉ በሙሉ ከድንጋዩ ወጥቶ ማየት ይፈልግ ነበር።

ይህ ድንጋይ በውኃ የሚፈታ አይደለም። በመሣሪያ ነው የሚነሣው። መሣሪያ ከመምረጥ በፊት ስለ ጥንካሬ ማሰብ ያስፈልጋል። ዛጎሉ የተሠራበት ካልሳይት፣ ማለትም አንዱ የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት፣ በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ 3 ነው። የብረት መርፌ ከ5 በላይ ነው። ማለትም መርፌ ዛጎሉን በነካው ቁጥር ይጭረዋል። ቀርከሃ ግን አይጭረውም። የእንጅባራ ቀርከሃ ገበያ ላይ ሞልቷል፤ አንዱን ሰንጥቀን ጫፉን አሾልን። ከዛጎሉ ጋር የሚነካካውን ሥራ ሁሉ በእሱ ሠራን። ዙሪያውን ድንጋይ ለማንሣት ደግሞ ወስፌ፤ ስፌት የሚሰፋበትን ያንኑ ወስፌ።

የሥራው ልብ ያለው በእጅ አያያዝ ላይ ነው። ወስፌው ወደ ዛጎሉ አይገፋም። ከዛጎሉ ርቆ፣ ከላዩ ጋር ጎን ለጎን እየሄደ ነው ድንጋዩን የሚፍቀው። የመጨረሻው ስስ ንጣፍ ላይ ሲደረስ ጫፉን ከንጣፉ ዳር አስገብቶ ትንሽ ቀና ማድረግ ነው፤ ድንጋዩና ዛጎሉ የሚገናኙበት ወለል ደካማ ስለሆነ ንጣፉ ከዚያ ላይ ተላቆ ይነሣል። ሲነሣ ትንሽ ቀጭ ይላል። ከሥሩ የጃርቱ ላይ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ምንም መፋቅ አያስፈልገውም።

በዚህ ሥራ ከሁላችን የተሻለች እጅ የነበራት የአዛውንቱ የልጅ ልጅ ናት። እናቷ ሞሰብ ትሰፋለች፤ እሷም ወስፌ በእጇ ነው ያደገችው። እጇን በአሸዋ በተሞላችው ትንሽ ከረጢት ላይ አሳርፋ፣ ጃርቱን ከረጢቱ ውስጥ ሰመጥ አድርጋ፣ ከጣቶቿ በቀር ምንም ሳይንቀሳቀስ ትሠራ ነበር። ድንጋዩን አልፎ አልፎ በእርጥብ ብሩሽ ትነካዋለች። ሲረጥብ ዛጎሉና ድንጋዩ ቀለማቸው ይለያያልና ድንበሩ ይታያል። ይህን ማንም አላሳያትም።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ አበራ» አለች አንድ ጊዜ፣ እጇን ሳታነሣ።

መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየ። ከጃርቱ ጎን ላይ ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ መስታወት የመሰለ ብልጭታ አለ። እዚያ ላይ እንድታቆም ነገርኳት። የባሕር ጃርት ሰሌዳ እያንዳንዱ እንደ አንድ የካልሳይት ክሪስታል ነው የሚሠራው። ክሪስታል ደግሞ የራሱ የመሰንጠቂያ አቅጣጫ አለው። ጠፍጣፋ ብልጭታ ታየ ማለት ሰሌዳው ከላዩ ሳይሆን ከውስጡ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ መግፋት ጉብታዎቹን አንድ በአንድ መንቀል ይሆናል።

ጃርቱን መልሰን በአጉሊ መነጽር ስናየው፣ ከሥሩ በኩል ስንጥቅ አገኘን። የያዘው ድንጋይ ነው አንድ ላይ ያቆመው። ድንጋዩን ብናነሣ ጃርቱ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ እዚያው ላይ ቆምን። ከሲሶው በላይ አሁንም ድንጋይ ውስጥ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ቅር አለው። ይህ ቅሬታ ይገባኛል፤ ግማሽ የወጣ ነገር ሥራው ያላለቀ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ሥራ መቆም ራሱ ውሳኔ ነው። ከቀደምት የሰው ዘር የሆነችውን፣ «ሰላም» የተባለችውን የዲኪካ ሕፃን እናስታውስ። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 አፋር ውስጥ አግኝቷት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የቆየውን አጽሟን ከአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ አሸዋውን እየቆነጠሩ ሲያወጡ ዓመታት አለፉ። ለዓለም የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ያን ያህል የታገሠ ሰው ነው ያን ያህል ያየው።

አቧራውንም አንርሳ። ሥራው የተሠራው በረንዳ ላይ፣ አፍና አፍንጫ በማስክ ተሸፍኖ፣ ዓይን በመነጽር ተጠብቆ ነው። ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ በደረቁ አይጠረግም። ሕፃን ካለበት ክፍልና ከወጥ ቤት መራቅ አለበት። የኤሌክትሪክ መቦርቦሪያ ማሽን መምህሩ ሊዋስ ፈልጎ ነበር፤ ንዝረቱ ስንጥቅ ያለበትን ነገር ስለሚበትን ተውነው።

የሌሉትና ያልተነኩት

ሁለት ሦስት ቀንድ አውጣ የመሰሉ ድንጋዮች ነበሩ። ተማሪዎቹ ከሥሩ ዛጎሉን ለማግኘት ሊፍቁት ጓጉ። ዛጎል የለም። የብዙ ቀንድ አውጦች ዛጎል አራጎናይት ከሚባለው የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ነው የሚሠራው፤ እሱ ደግሞ ከካልሳይት ቶሎ ይሟሟል። ዛጎሉ ሟሙቶ ሲሄድ በሆዱ የገባው ጭቃ ድንጋይ ሆኖ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። የያዝነው የዛጎሉን ውስጥ ነው። ተፍቆ የሚገኝ ነገር ስለሌለ በደረቅ ብሩሽ አቧራውን ብቻ አነሣን።

ከከረጢቱ ሥር አንድ ጠቆር ያለ ቁራጭ ወጣ። የተሰበረው ጎኑ በትናንሽ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ዛጎል አይደለም፤ አጥንት ይመስላል። ከእሱ ላይ አንድ ቅንጣት አፈር አላነሣንም፤ ውኃም አላስነካነውም። ቀዳዳ የሞላበት አጥንት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይፈረካከሳል። ከኖራው በላይ ባለው የሙገር የጭቃ ድንጋይ ውስጥ፣ በዚሁ በአባይ ተፋሰስ፣ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ስለዚህ አጥንት የመሰለ ነገር ሁሉ በቤት ውስጥ ከሚሠራው ሥራ ውጭ ነው። ፎቶ አንሥተን፣ በሶፍት ጠቅልለን፣ በጠንካራ ሳጥን ውስጥ አድርገን ከቦታው ማስታወሻ ጋር ለጽሕፈት ቤቱ አስረከብን።

ማብረቅረቅና ማጣበቅ

የሚያብረቀርቅ ነገር ፍላጎቱ እስከ መጨረሻው አልጠፋም። አንዷ እናት ዘይት ብናስነካው እንደሚያምር ነገረችን። ሌላው ቫርኒሽ አለ። የጥፍር ቀለምም ተነሣ። ዘይት አቧራ ይስባል፣ ወደ ድንጋዩ ገብቶም አይወጣም። ቫርኒሽና የጥፍር ቀለም ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናሉ፤ ቀጫጭኖቹን መስመሮችም ይሞላሉ። ዛጎሉ እንዲታይ ከተፈለገ መብራቱን ከጎን ማድረግ ይበቃል። ከጎን የመጣ ብርሃን ጎድኖቹን ጥላ ያወጣላቸዋል። መምህሩ ሳጥኑ ውስጥ አንድ አምፖል በጎን በኩል ሲሰቅል ያ ሁሉ ክርክር አበቃ።

ማጣበቅ ግን ጠንከር ያለ ጉዳይ ነው። የተሰበሩ ክዳኖች ነበሩ። ሱፐር ግሉ በየሱቁ አለ፤ ያዝ ያደርጋል፤ ከያዘ በኋላ ግን መመለሻ የለውም። ነጩ ኮላም በዓመታት ውስጥ ይደርቅና ውኃ አይፈታውም። ሙዚየሞች የሚመርጡት ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ሙጫ ነው። በአሴቶን ይሟሟል፤ ቀጭን ተደርጎ፣ 5 በመቶ ገደማ ሆኖ፣ የሚፈረካከሰውን ለማጠንከር ይውላል። ወፍራም ተደርጎ ደግሞ ያጣብቃል። ከሃያ ዓመት በኋላ ስህተት ቢገኝ በዚያው በአሴቶን ተፈትቶ ይስተካከላል። ደጀን ላይ ፓራሎይድ አልተገኘም። ስለዚህ አላጣበቅንም። የተሰበሩት ቁርጥራጮች አንድ ላይ፣ በአንድ ቁጥር፣ በእንቁላል ካርቶን ጉድጓድ ውስጥ ተቀመጡ። ተሰብሮ የተቀመጠ ነገር ማንም በኋላ ያጣብቀዋል። በመጥፎ ሙጫ የተጣበቀውን ግን የሚፈታው ማን ነው?

ቁጥሩ ላይ መምህሩ ጎበዝ ነው። ለእያንዳንዱ ዛጎል ካርድ አለው፦ ቁጥር፣ የተነሣበት ቦታ፣ የንብርብሩ መልክ፣ ያነሣው ሰው፣ ቀኑ፣ ምን እንደተደረገለት። ሁሉም በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ እስክሪብቶ ክረምት ላይ እርጥበት ሲነካው ይፈሳል። ምን እንደተደረገለት የሚለው ረድፍ ላይ «በውኃና በብሩሽ»፣ «በቀርከሃ»፣ «በሎሚ» ተብሎ ተጽፏል። የሎሚው ዛጎል ከመስታወቱ ሳጥን አልወጣም። ካልተነካው ጎን ተቀምጧል፤ ተማሪዎቹ በአጉሊ መነጽር ሁለቱን እንዲያነጻጽሩ።

አሁን በእጅ ያለው ሥራ አንድ ነው። የመጽሐፍ ስፋት ያለው፣ በርካታ ዛጎሎች ተደራርበው የተኙበት ንጣፍ ድንጋይ አለ። አንዱ ዛጎል ከሌላው ላይ የተኛበት አቅጣጫ የባሕሩን ሞገድ ሊናገር ስለሚችል አንዳቸውም ተለይተው እንዲወጡ አልተስማማሁም። ላዩ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ተጠርጓል፤ ከየአቅጣጫው፣ ከማስመሪያ ጋር፣ ፎቶ ተነሥቷል። ጥጉ እየተፈረካከሰ ስለሆነ ማጠንከሪያ ያስፈልገዋል። መምህሩ ፓራሎይዱን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ሰው እያጠያየቀ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱም ለማጠንከሩ ሥራ በጽሑፍ ተጠይቋል። ሁለቱም እስኪመጡ ድንጋዩ መደርደሪያው ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ አሸዋው ከረጢት ላይ ይቆያል።